ከአያቴ ሣጥን የወጡ አሮጌ ጥይቶች፦ ይሸጡ፣ ይተኮሱ ወይስ ሌላ መላ አለ?

የተንታው፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አያቴ፣ እኛ የልጅ ልጆቻቸው አባባ የምንላቸው፣ ካረፉ ዓመት ሆኗቸዋል። የዓመት ሰደቃቸውን ለማውጣት ቤተሰቡ ተንታ በተሰበሰበበት ሰሞን አጎቴ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አወረደ። ጥላሸት ለብሳ ቀለሟ አይለይም ነበር። ውስጧ የመሬት ግብር ደረሰኞች፣ አንድ ሙስበሃ፣ እጀታው የተሰበረ ካራ እና በአቡጀዲ የተቋጠሩ ሁለት ዓይነት ጥይቶች ተገኙ። ምክራችሁን የምፈልገው ስለ ጥይቶቹ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ትንንሾች ናቸው። ውፍረታቸው ከእርሳስ መጻፊያ ያነሰ፣ ርዝመታቸው የጣት አንጓ ያህል ነው። ሃምሳ የሚይዝ አንድ የወረቀት ሣጥን ክዳኑ ሳይቀደድ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈበት ሳይደበዝዝ ተቀምጧል። ከእሱ ውጪ 34 ፍሬ ልቅ ሆነው ተገኝተዋል። የቀለሁ፣ የናስ ቅርፊቱ ማለቴ ነው፣ ቂጥ ላይ ኤች የሚባለው የላቲን ፊደል ብቻ ታትሞበታል፤ እንደ ሌላው ጥይት መሐሉ ላይ ክብ ነጥብ የለውም። ከልቆቹ መካከል ጫፉ ላይ ያለው እርሳሱ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያበጀ አለ፣ ሁለቱ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት ይዘዋል። ሁለተኛዎቹ ሰባት ፍሬ ትልልቅ ጥይቶች ሲሆኑ፣ የአካባቢያችን ሽማግሌ አይተው «ይኼማ የውጅግራ ነው» ብለዋል።

ትንንሾቹ ከየት እንደ መጡ በቤተሰቡ የሚታወቅ ነው። አባባ በወጣትነታቸው መንገድ ይሠራ ለነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ዘበኛ ነበሩ፤ ሰውየው አገሩ ሲገባ አንዲት ትንሽ ጠመንጃ ከነጥይቷ ሰጣቸው። ጠመንጃዋ በደርግ ጊዜ ተመልሳለች። ጥይቶቹ ግን ለምን እንደ ቀሩ የሚያውቅ የለም።

አሁን ቤቱ ለሦስት ተከፍሏል። አጎቴ «ጥር ላይ የእህትህ ሠርግ አለ፣ ጎረቤታችን ዘንድ ልኳ የሆነች ጠመንጃ አለች፣ እንተኩሳቸው» ይላል። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ቅርስ ስለሆኑ ሰብሳቢዎች በመቶ የሚቆጠር ዶላር ይከፍሉባቸዋል እያለ በየቀኑ ይደውላል። እማማ፣ ሴት አያቴን ማለቴ ነው፣ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከቤቴ አውጡልኝ።» እኔ ደሴ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ስለ ጠመንጃ የማውቀው ነገር የለም። ይሸጣሉ? ይተኮሳሉ? የቱ ይሻላል?

ጡረተኛው ጠጋኝ፦

ወንድሜ፣ አያትህን ነፍስ ይማር። 19 ዓመት በጦር መሣሪያ ጥገና ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

ትንንሾቹ «22» የሚባሉት ናቸው። መሐላቸው ላይ ነጥብ ያላየህበት ምክንያት የሚቀጣጠለው ቅመም መሐል ላይ ስለሌለ ነው። የቀለሁ ቂጥ ዙሪያውን ወጣ ብሎ እንደ ሰሐን ከንፈር የታጠፈ ነው፤ የእጥፋቱ ውስጥ ክፍት ሲሆን ቅመሙ ገና እርጥብ ሳለ ቀለሁን በማሽከርከር ወደዚያ እጥፋት እንዲገባ ይደረጋል። የጠመንጃው መቺ ከንፈሩን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይነድና ባሩዱን ያቀጣጥለዋል። የውጅግራው ግን ቅመሙ ለብቻው በትንሽ ቆብ ሆኖ መሐል ላይ የተተከለ ነው። ስለዚህ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር አትያቸው፤ የሚበላሹበትም መንገድ፣ የሚያወጡት ዋጋም ይለያያል።

ጠርዙ ላይ የሚመታ ጥይት ጥንታዊ ሐሳብ ነው። ፈረንሳዊው ፍሎበር በ1845 እ.ኤ.አ. በቅመም ብቻ የሚተኮስ የክፍል ውስጥ መለማመጃ ጥይት ሠራ፤ በ1857 ስሚዝና ዌሰን ባሩድ ጨምረው አጭሩን 22 አወጡ፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ረጅሙ ደግሞ ከ1887 ጀምሮ አለ። በዚያ ዘመን ስዊሶች በቬተርሊ ጠመንጃቸው ትልልቅ ጥይት ሳይቀር በዚህ ዘዴ ይሠሩ ነበር። ነገር ግን መቺው ከንፈሩን እንዲጨፈልቀው ቀለሁ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ቀለህ ደግሞ ብርቱ ግፊት አይችልም። ጠንካራ ባሩድ ሲመጣ ትልልቆቹ ቀሩና ትንሿ 22 ብቻ ተረፈች። ይህን የምልህ ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም፤ የቀለሁ ስስነት ወደ አጎትህ ሐሳብ ይመልሰናል።

ኤች የምትለዋ ፊደል የዊንቸስተር ፋብሪካ ምልክት ናት፤ ሄንሪ ለሚባለው ጠመንጃ ሠሪያቸው መታሰቢያ ብለው ያተሟት። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሳትለወጥ ስለቆየች በእሷ ብቻ ዕድሜያቸውን መለየት አይቻልም። ዕድሜያቸውን የሚናገረው የወረቀት ሣጥኑ ነው። በላዩ ላይ «ስቴይንለስ» የሚል ካገኘህ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ቅመም ሲነድ ጨው ትቶ ያልፋል፣ ጨዉ እርጥበት ይስባል፣ አፈሙዙም በጥቂት ቀን ውስጥ ይዝጋል። የጎረቤታችሁን ጠመንጃ የሚያበላሸው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። ቅመሙ ባረጀ ጊዜ ከእጥፋቱ ተላቆ ይረግፋል፣ ባሩዱም ይደክማል። አንድ ጊዜ አንድ ባልደረባዬ እንደዚህ ካሉ አሮጌ ጥይቶች ሲተኩስ «ጧ» የሚለው ድምፅ ቀርቶ ከንፈር እንደ መምጠጥ ያለ ነገር ብቻ ተሰማ። እርሱ አላስተዋለም፣ ሁለተኛውን አጎረሰና ሳበ። ጠመንጃው ለጥገና ወደ እኔ ሲመጣ አፈሙዙ መሐሉ ላይ አብጦ እንቁራሪት የዋጠች እባብ መስሎ ነበር። የመጀመሪያው እርሳስ ቱቦው ውስጥ ተቀርቅሮ ሁለተኛው ከኋላው ገጭቶታል። ባልደረባዬ ጣቶቹ የተረፉት ብረቱ ጥሩ ስለነበር ነው። የጎረቤታችሁ ጠመንጃ ብረት እንዴት ያለ እንደሆነ አጎትህ ያውቃል?

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሣጥኗ ሁልጊዜ ቆጥ ላይ ነበረች ወይስ ቀድሞ ሌላ ቦታ ትቀመጥ ነበር?

የቦረናው ልጅ፦

ጋሼ ጠጋኝ የሚሉትን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ነገሩ ትንሽ የበዛ መሰለኝ። አባቴ ከአርባ ዓመት በላይ የተቀመጡ ተመሳሳይ ጥይቶች ነበሩት፤ ከዐሥር ዘጠኙ ያለ ችግር ተኩሰዋል። ደረቅ ቦታ ከተቀመጡ ጥይት እንደ እህል አይነቅዝም። ዝገት ያለባቸውን ለይቶ ጥሎ ከንጹሖቹ አምስቱን መሞከር፣ አምስቱም ደህና ከተኮሱ የቀሩትን መጠቀም ይቻላል ባይ ነኝ። ለሠርግማ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

የተንታው፦

ጋሼ፣ እማማን ጠይቄያቸው ነበር። አባባ ሣጥኗን ለብዙ ዓመት የደበቋት ከበቅሎዎቹ ጋጣ ግድግዳ ውስጥ በተሠራ ጎድጓዳ ነበር። ወደ ቆጥ የወጣችው ጋጣው ከፈረሰ በኋላ ነው። ይህ ለውጥ ያመጣል?

ጡረተኛው ጠጋኝ፦

ያመጣል እንጂ! የጠየቅሁህም ለዚሁ ነበር።

የጥይት ቀለህ ናስ ነው፤ ናስ ደግሞ የከብት ሽንት የሚያወጣውን ያንን ዓይን የሚያቃጥል አሞኒያ አይወድም። ህንድ አገር የነበረው የእንግሊዝ ጦር ይህን በኪሳራ ተምሮታል። በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ አካባቢ ያከማቹት ጥይት ማንም ሳይነካው ቀለሁ እየተሰነጠቀ ያስቸግራቸው ነበር፤ በ1921 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ምክንያቱ ሲሠራ የተወጠረ ናስና አሞኒያ መገናኘታቸው መሆኑን አሳዩ። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀለሁ እርሳሱን ነክሶ በያዘበት አንገት ላይ ይጀምራል። በዓይን የማይታይም ይኖራል። እንግዲህ ቀድሞውንም ስስ የሆነው የ22 ቀለህ በበቅሎ ጋጣ ግድግዳ ውስጥ ዓመታት ከኖረ በኋላ ሲተኮስ ከንፈሩ ቢፈነዳ፣ የሚተነፍሰው ጋዝና የናስ ፍንጣሪ የሚሄደው ጉንጩን ሰደፉ ላይ ወዳስደገፈው ሰው ዓይን ነው።

ለቦረናው ልጅ ደግሞ፦ አባትህ የተኮሷቸው ደህና መሆናቸውን አልጠራጠርም። ቆርቆሮ ውስጥ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ የኖረ ጥይት ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። ነገር ግን «አምስት ሞክሮ ሌላውን መጠቀም» የሚለው መላ የሚሠራው ሁሉም አንድ ዓይነት ኑሮ የኖሩ እንደሆነ ነው። እዚህ ግን ሣጥን ውስጥ ያሉት፣ በአቡጀዲ የተቋጠሩት፣ ግድግዳውን የነካው፣ ከምድጃው በላይ በጭስና በሙቀት የከረመው ሁሉ የተለያየ ነው። አምስቱ ደህና ቢሆኑ ስለ ስድስተኛው ምንም አይነግሩህም። ከዐሥር ዘጠኙ ተኮሱ ስትልም እኔን የሚያሳስበኝ ዐሥረኛዋ ናት። ቃታ ተስቦ ዝም ያለች ጥይት ሞተች ማለት አይደለም፤ ቆይታ የምትተኩስ አለች። ስለዚህ ነው ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ አፈሙዙን ወደ ሰው አልባ አቅጣጫ አድርጎ መጠበቅ የሚገባው። በሠርግ ግርግር መካከል፣ እልልታው እየቀለጠ፣ ይህን የሚጠብቅ ሰው እስካሁን አላየሁም። ያቺ «ትንሽ» የምትባለው እርሳስም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ትሄዳለች፤ ከተንታ ገደል ላይ ወደ ታች ከተተኮሰች የት እንደምታርፍ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ነጩን ዱቄት በባዶ እጅ አትንኩት። የእርሳስ ዝገት ነው፣ መርዝ ነው፤ የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ልጆችም አይጠጉት። ዘይት አትቀቡ፣ በሎሚ አትፈትጉ፣ እርሳሱን በጉጠት አትንቀሉ። እሳት ውስጥ መጣልና መቅበርማ አይታሰብም።

የደሴዋ፦

የመተኮሱ ነገር በጋሼ ጠጋኝ መልስ ያለቀለት ስለሆነ እኔ ስለ ሽያጩ ልጻፍ። ለብዙ ዓመት ከቅርስ ጋር በተያያዘ ሥራ ላይ ነበርኩ።

የአክስትህ ልጅ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በውጭ አገር የድሮ ጥይት የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፤ ገንዘብም ይከፍላሉ። ነገር ግን የሚከፍሉት በዋናነት ለወረቀቱ ነው። ክዳኑ ያልተቀደደ፣ ቀለሙ ያልለቀቀ፣ ጥይቶቹ ከፋብሪካ እንደ ወጡ የተደረደሩበት ሣጥን ተፈላጊ ነው፤ ባዶው ሣጥን ራሱ ገዢ አያጣም። ልቆቹ 34 ግን ዋጋ የላቸውም ማለት ይቻላል። አዲስ የ22 ጥይት በእነዚያ አገሮች ሃምሳው ከዐሥር ዶላር በታች የሚገኝ ሆኖ ሳለ ዝገት የያዘውን ማን ይገዛል? «በመቶ የሚቆጠር» የሚባለው ለብርቅዬ ሣጥን እንጂ በሚሊዮን ለታተመ ዓይነት አይደለም።

ይህም ቢሆን ገዢው ባለበት አገር ላለ ሰው ነው። እኛ ዘንድ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝንም መሸጥንም ይከለክላል፤ «አሮጌ ነው» ብሎ ነገር አያድንም። በፖስታ መላክ አይቻልም፣ ምክንያቱም ጥይት በዓለም አቀፍ የፖስታ ሕግ ከተከለከሉ ፈንጂ ነገሮች የሚመደብ ነው። በሻንጣ ይዞ መውጣትማ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ አያልፍም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ደሴ ላይ በስውር ልግዛችሁ የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ ሰብሳቢ ሳይሆን ተኳሽ ነውና የባሰ ነው።

እኔን የሳቡኝ ሰባቱ የውጅግራ ጥይቶች ናቸው። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበሉት የግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም «ፊዚ ግራ» ከሚለው የመጣ ነው። እነርሱ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለበን ወደሚባለው አዲስ ጠመንጃ ሲዞሩ አሮጌው በገፍ በባሕር በኩል ወደ እኛ ገባ። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ 25 ግራም የሚመዝነው እርሳስ በወረቀት የተጠቀለለ ነው፤ ስለዚህ የእናንተዎቹ ላይ ቡናማ ወረቀት ካያችሁ አትላጡት፣ የጥይቱ አካል ነው። ውስጡ ጥቁር ባሩድ ስለሆነ እርጥበት ካልነካው አያረጅም፤ የሞተ አይምሰላችሁ። ይህ ጥይት በአንድ ወቅት በአገራችን ገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ይዞር ነበር። ዝርዝር ሲጠፋ ጥይት ይመለስ ነበር ማለት ነው። ከመቅደላ አምባ ሥር ላለች ቤት ይህ ከዶላር በላይ የሚናገር ዕቃ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የእንግሊዝ ወታደር ሰናድር የሚባለውን ጠመንጃ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦርነት የተኮሰው እዚያው ሰፈራችሁ አይደል? ጥይት ሲያይ የኖረ አገር ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ሣጥኗን ካለችበት አታንቀሳቅሷት። በተለይ «ደሴ ወስጄ ላሳይ» ብለህ ሚኒባስ ላይ እንዳትጭናት፤ መንገድ ላይ ፍተሻ ቢያገኛት ስለ አባባና ስለ መሐንዲሱ የምትተርከውን ቆሞ የሚሰማህ የለም። ለወረዳው ፖሊስ ቀድመህ በቃል፣ ከዚያም በጽሑፍ አሳውቅ፤ ሽማግሌ ምስክር ይኑርህ፤ ሲረከቡህ ቁጥሩና ዓይነቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበል። ከዚያ በፊት ግን ፎቶ አንሣ፦ የወረቀት ሣጥኑን ስድስቱን ገጽ፣ የቀለሁን ቂጥ፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርገህ። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ባለሙያም በርክክቡ ላይ እንዲገኝ ጠይቅ፤ የውጅግራዎቹ ባሩድና ቅመም በባለሙያ ከወጣ በኋላ ባዶ ቀለሆቹ ለሙዚየም ሊቀሩ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው ቀድመህ ከጠየቅህ ነው፤ አንዴ ከሌላው ፈንጂ ጋር ተደባልቀው ከተወገዱ በኋላ መልስልኝ ብትል ማንም አይሰማህም።

የቦረናው ልጅ፦

ስለ ጋጣው አላወቅሁም ነበር፤ ሐሳቤን አንሥቻለሁ። አባቴ ዘንድ የቀሩትንም ዛሬ ማታ ሄጄ አያቸዋለሁ።

የተንታው፦

ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ነው የምጽፈው፤ ይቅርታ።

ፎቶውን ያነሣሁት እማማ ደጃፍ፣ ጀምበሯ ዘንበል ስትል ነው። ጋሼ እንዳሉት የልቆቹን አንገት በማጉያ መነጽር ሳይ፣ በዓይኔ ንጹሕ ይመስሉኝ ከነበሩት መካከል አራቱ ላይ ከእርሳሱ ሥር ወደ ታች የምትወርድ ቀጭን ጥቁር መስመር አገኘሁ። በመጀመሪያ ፀጉር መስሎኝ እፍ ብዬባት ነበር። መነጽሩን ለአጎቴ ሰጠሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ይኼን ነበር ጉንጬ ሥር ላደርገው የነበረው?» አለና መነጽሩን መለሰልኝ። ለሠርጉ ጥይት እንደማይተኮስና ፉከራው ብቻ እንደሚበቃ ለጎረቤቱ የነገረው ራሱ ነው። የወረቀት ሣጥኑ ላይ «ስቴይንለስ» የሚለው ቃል በትንንሽ ፊደል አለ፤ ጋሼ፣ እንዳሉት ከሆነ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ አኩርፏል። ባዶውን የወረቀት ሣጥን ብቻ ላስቀርለት ብዬ ፖሊሶቹን ጠይቄ ነበር፤ ጥይቶቹን ቆጥረው ሲያወጡ ሣጥኑን ሰጡኝ፣ አሁን ትራሱ ሥር ነው ያለው ብል ማጋነን አይሆንም። ርክክቡ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ከተለወጠበት በኋላ በሦስተኛው ተፈጸመ። የባህልና ቱሪዝሙ ባለሙያ በእግሩ መጥቶ ሰባቱን ውጅግራ አንድ በአንድ መዘገበ፤ የሦስቱ ወረቀት እንዳለ ነው፣ የአራቱ በአይጥ ተበልቷል። ባዶ ቀለሆቹ ለሙዚየም ይቅሩ የሚለው ጥያቄ በደብዳቤ ተጽፏል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።

የቆርቆሮ ሣጥኗ ብቻ ቤት ቀርታለች። የእርሳሱን ነገር ለእማማ ነግሬ እህል እንዳያስቀምጡባት አስጠንቅቄያቸዋለሁ፤ እርሳቸውም በአመድ አሳሽተው የግብር ደረሰኞቹን መልሰው ከተቱና «ደግሞ እነዚህንም ሽጡ በሉ» ብለው ቆጡ ላይ አስሰቀሏት።